የቲቸር ጌታሁን ሽማግሌዎች

ስልኩ ሲጠራ ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ነው። እርጅና ድምፁን አሳስቶታል፤ «ዘነቡ፣ ቲቸራችን ሄደ» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። «የት ሄደ?» አልኩት። «ወደማይቀረው ነዋ፤ ዛሬ ጠዋት፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ እንደተኛ። ሰባ አምስት ዓመት ሞልቶት እንደዚህ መሄድ መታደል ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ምድጃውን አጥፍቼ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ማልቀስ ሲገባኝ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄ መጣ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ አፌ ይስቃል። ልጄ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች።

«እማዬ ምን ሆንሽ?»

«የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ሞተ።»

«ታዲያ ይሄ ያስቃል?»

«አንቺ አታውቂውም» አልኳት። እናንተም አታውቁትምና ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ነገር መጥቶ እናት ሁሉ ወንድ ልጇን በዓይኗ የምትጠብቅበት ጊዜ። እኔ ቀን ንፋስ ስልክ ክር ፋብሪካ እሠራለሁ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ጎፋ አካባቢ የማታ ተማሪ ነኝ። ቤቴ መካኒሳ። ከፋብሪካ ትምህርት ቤት በእግር፣ ከትምህርት ቤት ቤት በእግር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማዬን ይቀማኝ ነበር። ክፍላችን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከሥራ የመጣ ነው። አባባ ወልዴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ለምን እንደሚማሩ ሲጠየቁ «ልጆቼ እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ያሙኛል፤ ምን እንደሚሉኝ ልወቅ ብዬ ነው» ይላሉ። ጋሽ ሸምሱ መካኒሳ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው። ጋሽ ደምሴ የቀበሌ ጥበቃ ነው፤ ካኪውን ሳያወልቅ ይመጣና የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እሱ ባለበት ስለ ስኳር መጥፋት እንኳ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ካኪ ካኪ ነው።

ቲቸር ጌታሁን ያኔ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ቡናማ ኮት ብቻ ያለው። የጠመኔ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ኋላው ነጭ ሆኖ ነው የሚውለው። አንቱ ስንለው ይቆጣል፤ «አባባ ወልዴ ባሉበት ክፍል እኔ አንቱ ከተባልኩ እሳቸውን ምን ልንላቸው ነው?» ይላል። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጣም፤ መነጽሩን ያወልቃል። «ያለ መነጽር አላይም፤ ስህተትሽን አላየሁትም፤ ቶሎ አርሚው» ይለኛል። እኔ ስመልስ መነጽሩ ብዙ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ነበር።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የቃላት መዓት ደረደረና የእያንዳንዱን ተቃራኒ አምጡ አለን። ቢግ ካለ ስሞል፣ ሆት ካለ ኮልድ፤ እዚህ ድረስ ደህና ነበርን። ቀጥሎ ያለው ጉድ ነው። ቃሉ ራሱ ሳይቀየር ፊቱ ላይ ትንሽ ነገር ይለጠፍበትና ይገለበጣል፤ ግን የሚለጠፈው አንድ አይደለም። አን አለ፣ ኢን አለ፣ ኢም አለ፣ ኢር አለ፣ ኢል አለ፣ ዲስ አለ። ሃፒ አንሃፒ ይሆናል፣ ፖሲብል ግን ኢምፖሲብል ነው። ለምን? ማንም አያውቅም። ክፍሉ ታመሰ።

ጋሽ ደምሴ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አንድ መንግሥት አለን፣ አንድ ፓርቲ አለን፣ አንድ እምቢ አይበቃንም?»

መሳቅ ይቻል አይቻል ስላላወቅን አንገታችንን ደፋን። ቲቸር መነጽሩን አወለቀ። ትንሽ አሰበና ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞረ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ሴት ልጅህን ለመጣ ሁሉ ትሰጣለህ?»

«ወላሂ አልሰጥም! ዘሩን ሳልጠይቅ?»

«አያችሁ፤ ፖሲብልም አባት አላት» አለ ቲቸር፣ «ሽማግሌ ይላክ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ክፍላችን የሠርግ ቤት ሆነ። አባባ ወልዴ የፖሲብል አባት ሆነው አስተማሪው ወንበር ላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። እኔ እናትየዋ ነኝ፤ በሩ ጥግ ቆሜ አኮርፋለሁ። ጋሽ ደምሴና ጋሽ ሸምሱ ሽማግሌ ሆነው በሩን አንኳኩ።

«ቤቶች!»

«ማን ላካችሁ?» አሉ አባባ ወልዴ ሳይነሱ።

«አን የሚባል ጨዋ ሰው ነው የላከን።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ሃፒን ያገባ፣ ፌይርን ያገባ፣ ክሊንን ያገባ…»

«ቆይ ቆይ! ስንት ሚስት ነው ያለው ይሄ ሰውዬ?»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለ ጋሽ ሸምሱ ሽምግልናውን ረስቶ፣ «ከአራት በላይማ ለእኛም አልተፈቀደ!»

አባባ ወልዴ ብድግ አሉ። «ልጄ ፖሲብል ገና ስትነሳ ከንፈሯን ገጥማ ነው የምትነሳው። እኔ የምፈልገው እንደሷ ከንፈሩን የሚገጥም ባል ነው። አን አፉን ከፍቶ ነው የሚመጣው። አልሰጥም!» ያንን ቲቸር በጆሯቸው ሹክ ብሏቸው ነው እንጂ ከራሳቸው አላመጡትም፤ ግን የተናገሩበት ወኔ የራሳቸው ነበር። ኢምን የላኩ ሽማግሌዎች ሲመጡ እሺ ተባለ፣ እኔ እልል አልኩ፣ ክፍሉ አጨበጨበ። ሬጉላር ለኢር፣ ሊጋል ለኢል፣ ሁሉም እንደየዘመዱ ተዳረ። ይኸው ዛሬ ድረስ አልረሳሁትም፤ የልጅ ልጆቼን የማስጠናውም በዚያው ነው።

ዲስ ላይ ስንደርስ ግን ጨዋታው ቀዝቀዝ አለ። ዲስአግሪ ማለት አለመስማማት ነው አለንና እያንዳንዳችን የማንስማማበትን አንድ ነገር በእንግሊዝኛ እንድንናገር አዘዘን። ያኔ እኮ አለመስማማት የሚባል ነገር አልነበረም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «የሚቃወም?» ይባላል፣ ማንም የለም። «ድምፅ የሚያቅብ?» ማንም የለም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይባልና አጨብጭበን እንበተናለን። አባባ ወልዴ «ከሚስቴ ጋር በጨው አልስማማም» አሉ። እኔ ከፈረቃ አለቃዬ ጋር አልስማማም አልኩ። ጋሽ ደምሴ ግን ላብ በላብ ሆነ።

«እኔ የማልስማማበት ነገር የለኝም» አለ።

«ይሄ ዝናብስ? እስከ ቤትህ ሲያበሰብስህ?»

«ዝናቡን… እሱንም ቢሆን ላስብበት» አለ ጋሽ ደምሴ። እዚህ ላይ እንኳን እኛ፣ እሱ ራሱም ሳቀ። ቲቸር ግን አልሳቀም። ወደ መስኮቱ እያየ፣ «እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ሲል ምን ዋጋ አለው?» አለ። ከዚያ ደወል ሆነና ደብተራችንን ሰብስበን ወጣን።

አስቴር የምትባል የትምህርት ቤቱ ታይፒስት አለች። የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ እናቷ ሞታባት ከአባቷ ከአቶ ኤርሲዶ ጋር ነው የምትኖረው። እሳቸው ከከምባታ የመጡ አናጺ ናቸው፤ የመካኒሳን ግማሽ በርና መስኮት የሠሩት እሳቸው ናቸው ቢባል ውሸት አይደለም። ታናሽ ወንድሟ ታምራት ደግሞ ውትድርናው ሲመጣ አገር ቤት፣ አጎቱ ጋ ሄዷል ተብሎ ነበር። ቲቸር በአስቴር የፈተና ወረቀት ሊያስመታ ቢሮዋ ይገባና አንድ ገጽ ለማስመታት ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። የማያውቅ አልነበረም። ሁለቱ ብቻ ማንም እንደማያውቅ ያስቡ ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን የዝውውር ወሬ መጣ። ከየትምህርት ቤቱ መምህራን ተመርጠው ወደ ጠረፍ ይላካሉ ተባለ፤ ቲቸርም ውስጡ አለበት። ወደ መተከል ነው አሉ። የቢሮ ሰዎች እንደነገሩት፣ ባለትዳር የሆነ ሰው ዝርዝሩ ሳይዘጋ የጋብቻ ወረቀት ካቀረበ ይቀርለታል፤ ወንደላጤ ግን ሻንጣውን ያዘጋጅ። ቲቸር እናት አባቱ የሞቱበት የወሎ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሽማግሌ የሚልከው ዘመድ የለውም። አስቴር ጠረፍ ልትከተለው እንኳ ብትፈልግ፣ አባቷን ብቻቸውን ጥላ የምትሄድ ልጅ አልነበረችም። እንግዲህ ነገሩ አጭር ነው፤ ወይ አቶ ኤርሲዶ ቶሎ እሺ ይላሉ፣ ወይ ሁለቱ ይለያያሉ።

ይሄን ሲሰሙ የክፍላችን ሰዎች ቱግ አሉ። «ሽማግሌ የለኝም ትላለህ እንዴ?» አሉ አባባ ወልዴ፣ «ስንቱን ቃል የዳርን ሰዎች አንተን መዳር ያቅተናል?»

አስቴር ለሚቀጥለው እሁድ ነበር የቀጠረቻቸው፤ እስከዚያ አባቷን ቀስ ብላ ልታዘጋጅ። ሽማግሌዎቹ ግን ዝርዝሩ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲሰሙ አላስቻላቸውም። ከቀጠሮው አንድ ሳምንት ቀድመው በዚህኛው እሁድ ጠዋት፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ እንደ ወጉ በማለዳ መጡ። ለእኔም አልነገሩኝ። ጋሽ ደምሴ የጥበቃ ተራው ነግቶ ሲያልቅ ጊዜ አጥቶ ከነካኪው፣ ከነኮፍያው ነው የመጣው። ሦስት ወንድ፣ አንዱ ባለካኪ፣ በማለዳ በር ሲመታ በዚያን ጊዜ ሰው ምን ያስባል? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

እኔ ግቢዬ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ነበር። «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከአቶ ኤርሲዶ በር ሰማሁ። ወዲያው አጥሩ ተንቋቋና ዱብ! አንድ ረጅም ልጅ በሙታንታ ሳፋዬ ውስጥ ተዘረገፈ። አረፋው ፊቴን አለበሰኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት አየሁት፤ ታምራት ነው። አገር ቤት ሄዷል የተባለው ታምራት! ስንት ወር ጓዳ ውስጥ ተደብቆ እንደከረመ እንጃ፤ ፊቱ ሊጥ መስሏል። «እባክሽ እትዬ ዘነቡ፣ ለእናትሽ ብለሽ» አለኝ። እርጥቡን አንሶላ ላዩ ላይ ጣል አድርጌ «ቁጢጥ በል፣ እንዳትተነፍስ!» አልኩት። ልቤ ግን እንደ ፋብሪካችን ማሽን ትመታ ነበር። ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ልጁ ተርፏል፤ ዛሬ ልጅ አሳድጎ ድሯል። ያን ጠዋት ግን እኔም እሱም ይተርፋል ብለን አላሰብንም።

ከአጥሩ ወዲያ የአቶ ኤርሲዶ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። «ማንም የለም! እኔና ሴት ልጄ ብቻ ነን! ፈትሹ ብትፈልጉ!» ይላሉ። ማንም ፍተሻ ያለ የለም። አባባ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «አቶ ኤርሲዶ፣ የመጣነው ለደግ ነገር ነው። አስቴርን ለጋብቻ ልንጠይቅዎ፣ ቲቸር ጌታሁን የሚባል ጨዋ ልጅ ልኮን ነው» አሉ።



«ለጋብቻ?» አሉ አቶ ኤርሲዶ። «ለጋብቻ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ፣ ለጋብቻ።»

ሰውየው ይሳቁ ያልቅሱ አላውቅም፤ ሁለቱንም ሰማሁ። «ሰጥቻለሁ! በሉ ውሰዷት! ዛሬም ከሆነ ዛሬ!»

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። የት አገር ነው አባት ገና በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚለው? ዘመድ ላማክር ይባላል፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይባላል፣ ሽማግሌ ሁለት ሦስቴ ይመላለሳል እንጂ! ግን እሺ እሺ ነው ብለው ደስ ብሏቸው፣ ግራ ገብቷቸውም፣ ተሰናብተው ወጡ።

ያን ዕለት ከሰዓት ቲቸር፣ አስቴርና ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት ተሰበሰቡ። ታምራት በጓሮ ወደ አባቱ ቤት ከተመለሰ ቆይቷል። አባባ ወልዴ የሆነውን ሁሉ በጀግንነት ተረኩ። ጋሽ ደምሴ ግን ኮፍያውን ያሻሻል። በመጨረሻ፣ «እኔ ከአጥሩ ላይ እግር አየሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የወጣት እግር። አቶ ኤርሲዶም ማየቴን አይተዋል። እሺ ሲሉ የሚያዩት አባባ ወልዴን አልነበረም፤ እኔን ነው።»

አስቴር ፊቷ ነጣ። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ስለ ወንድሟ ከእሷና ከአባቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ጋሽ ደምሴ…» አለች።

ቲቸር መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ፣ «ተመለሱና እንደገና ጠይቁልኝ» አለ። «ያ እሺ ለእኔ የተባለ አይደለም። ለካኪው የተባለ ነው። እምቢ ማለት የሚችሉበትን መንገድ አዘጋጁና እንደገና ጠይቁ።»

«አብደሃል?» አልኩት እኔ።

አስቴር ብድግ አለች። «አንተ ሰውዬ ጤና የለህም! ዝርዝሩ ሊዘጋ ነው! አባቴ እሺ ብሏል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? እምቢ ቢልስ?»

«እምቢ ካሉ እምቢ ነው» አላት። ድምፁ ተሰነጣጠቀ፤ ሲጨንቀው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አስቴር፣ አንቺን ሳላገኝ መተከል መሄድ ለእኔ ሞት ነው። ግን አባትሽ ፊቴን ባዩ ቁጥር ዕድሜ ልካቸውን ያን ጠዋት እንዲያስታውሱ አልፈልግም። ልጁን ላለማስያዝ ልጅቷን የሰጡ መስሏቸው እንዲኖሩ አልፈልግም።» አስቴር እያለቀሰች በሩን ወርውራ ወጣች። እኔም በሆዴ ይሄ ሰው ቂል ነው አልኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን እንዲህ ያለ ሰው አይቼ እንደማላውቅ ገባኝና ወደድኩት፤ እንደ ወንድም ማለቴ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌዎቹ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ደጅ ቁጭ ባለበት ሰዓት ሄዱ። ጋሽ ደምሴ ካኪውን እኔ ቤት አውልቆ የእኔን ጋቢ ለበሰ፤ አጠረበትና ቅልጥሙ ወጣ። አባባ ወልዴ ገና ከበሩ፣ «አቶ ኤርሲዶ፣ ያለፈውን እሺ መልሰንልዎታል፤ እንዳልተባለ ይቁጠሩት። ዛሬ እንደ አዲስ ነው የምንጠይቀው። እምቢ ቢሉን ቅያሜ የለንም፤ ነገም ጎረቤት ነን» አሉ። ጋሽ ደምሴም፣ «እኔም እንደዚያው» አለ።

አቶ ኤርሲዶ ሦስቱንም አንድ በአንድ እያዩ ቆዩ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ነው። አገጫቸውን አሻሹ፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው፣ «እምቢ!» አሉ።

«አልሰጥም! እንግሊዝኛ አስተማሪ ምን ያደርግልኛል? ነፋስ የሚወስደው ቀጭን! አንድ ኮት ብቻ ያለው! ዘመዱን የማላውቀው! አልሰጥም ብያለሁ፣ አልሰጥም!» መንገድ ላይ ያለ ሰው ቆሞ ሰማ። ውሻ ጮኸ። ሰውየው የመንደሩን በር ሁሉ ሲሠሩ ድምፃቸው ተሰምቶ አይታወቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን መዶሻቸውን ጥለው በአፋቸው ይቀጠቅጡ ጀመር። ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ።

ቲቸር እኔ ቤት ሆኖ ይጠብቃል።

«ምን አሉ?»

«እምቢ» አለው ጋሽ ሸምሱ።

«ጮክ ብለው?»

«ጎፋ ድረስ ተሰምቷል።»

«ተመስገን!» አለ ቲቸር። እውነተኛ ተመስገን ነበር፤ እፎይ ብሎ ነው ያለው። ወዲያው ግን ነገሩ ገባውና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ያን ሳምንት አስቴር አላናገረችውም። የፈተና ወረቀት ይዞ ሲሄድ ቀና ብላ ሳታየው መትታ በአምስት ደቂቃ ትመልስለታለች። እሱም ማስተማሩን አላቋረጠም፤ ግን ሽማግሌ ይላክ የሚለውን ጨዋታ ማንም አላነሳውም። ሻንጣ ሊገዛ መርካቶ እንደሄደ ሰማን።

ዝርዝሩ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሥራ ገብቼ ልብሴን ሳሰጣ አቶ ኤርሲዶ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ልጄ ዘነበች፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ደከማቸው እንዴ?»

«እርስዎ እምቢ አሉ እኮ!»

«አልኩ! እምቢ አልኩ!» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ። «እምቢ ማለት አምሮኝ ነው ልጄ። እጅህን አውጣ ሲሉኝ አወጣሁ፣ አዋጣ ሲሉኝ አዋጣሁ፣ ተሰለፍ ሲሉኝ ተሰለፍኩ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ እምቢ በለኝ ብሎ ደጄ የመጣ ሰው አላየሁም። እና አንድ ቀን እንኳ ላጣጥማት ብዬ ነው። ልጁን ጠልቼው መስሎሻል?»

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እንባዬ መጣ። «ልላካቸው ታዲያ?»

«ላኪያቸው። ደግሞ ያን ባለካኪውንም ይዘውት ይምጡ» አሉ፤ ፊታቸው ተቀየረ። «ካኪውን እንደለበሰ።»

ይሄኛው ነገር አስደነገጠኝ። ለቲቸርም ነገርኩት፣ እሱም ገረጣ። ጋሽ ደምሴ ግን፣ «ካሉ እንግዲህ» ብሎ ካኪውን ለብሶ መጣ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በሦስተኛው እሁድ በማለዳ፣ ዝርዝሩ ገና ሳይዘጋ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ በሩን አንኳኩ። ቲቸር በወጉ መሠረት አብሮ አይገባምና እኔ ግቢ ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ተክዬ ምን እንደሚሆን አንሾካሹክለታለሁ።

አቶ ኤርሲዶ አስገቧቸው። ግቢው ውስጥ ወንበር ሰጧቸው። አባባ ወልዴ ጥያቄውን ጠየቁ። አቶ ኤርሲዶ ወደ ቤቱ ዞረው፣

«እኛ ቤት ወንድሟ ሳይሰማ ለእህት ቃል አይሰጥም» አሉ። «ታምራት! ና ውጣ።»

«ምን አሉ?» አለኝ ቲቸር ከኋላዬ። በእጄ ቆይ አልኩት። አስቴር በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች። ታምራት የአባቱን ኮት ለብሶ ወጣ። ፀሐይ ካየ ስንት ጊዜው፣ ዓይኑን እያጥበረበረው በእጁ ከለለው። ሲሸሸው ከከረመው ካኪ ፊት ቆመ።

«ጓድ ደምሴ» አሉ አቶ ኤርሲዶ፣ «ልጄ ነው። የሚሉት ካለ አሁን ይበሉት። ከዚያ በኋላ እኔም መልሴን እሰጣለሁ።»

ጋሽ ደምሴ ተነሳ። ዝናቡን እንኳ ለመቃወም የሚያስብበት ጋሽ ደምሴ ነው። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ ከቀዳዳዬ ይታየኛል። ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ስር ከተተ።

«እኔ ዛሬ የመጣሁት ሽማግሌ ሆኜ ነው» አለ። «ሽማግሌ ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ ያየውን ውጭ አያወራም።» ከዚያ ታምራትን ትከሻውን ይዞ ስቦ ጉንጩን ሳመው፣ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ፣ ደግሞ ወዲህ። ልጁ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። አባባ ወልዴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ ሸምሱ «አላህ ይስጥህ፣ አላህ ይስጥህ» ይላል።

አቶ ኤርሲዶ እስኪረጋጋ ጠበቁ። «እንግዲያው አሁን እሺ» አሉ። «ማንም ሳያስፈራራኝ ነው። እሺ። አስቴርን ለጌታሁን ሰጥቻለሁ።»

ዞሬ ለቲቸር ነገርኩት። ከዱካው ወርዶ መሬት ላይ ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ እልልታ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፤ ልለቀው አፌን ስከፍት ቲቸር ዘሎ አፌን በመዳፉ ከደነው።

«ልጁ!» አለኝ በሹክሹክታ። «ልጁ ደጅ ነው! እልል ካልሽ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል!»

እውነቱን ነው። እልልታዬን አፌ ውስጥ ይዤ ቆምኩ። በቀዳዳው አየሁ፤ ታምራት አባቱን ሳመ፣ እህቱን ሳመ፣ እንደገና ወደ ኋላ እያየ ወደ ጓዳው ገባ። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ደምሴ ራሱ ሄዶ በሩ መዘጋቱን ገፋ አድርጎ አረጋገጠ፤ ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። አቶ ኤርሲዶ ወደ አጥሩ ዞረው፣ እኔ ያለሁበትን ቀዳዳ ሲያውቁት ኖረዋል፣ «በይ እንግዲህ ዘነበች!» አሉኝ።

ቲቸር እጁን ከአፌ ላይ አነሳ፤ እኔም እልልታዬን ለቀቅኩት።